እርጥብ እንጨት ላይ ላምባ ማፍሰስ አያዋጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በክረምት ከከተማ ወጥተው ድንኳን ለሚተክሉ ሰዎች ያወጣችሁትን ምክር አንብበነዋል። «እንጨቱ ከረጠበ ላምባ አርከፍክፉበት» የሚለው ግን ሊታረም ይገባል። ቦግ ብሎ የሚነደው ላምባው ራሱ ነው። ሙቀቱ እንጨቱ የጠጣውን ውኃ ሲያተን ይባክንና ላምባው ሲያልቅ እሳቱም ያልቃል፤ የሚተርፈው ጭስና ሽታ ነው። ጠፋ ተብሎ ፍሙ ላይ ሲደገም ደግሞ ተንኖ ድንገት ይቀጣጠልና ፊት ይለበልባል። የቡሄ ችቦ በነሐሴ ዝናብ መሀል የሚነደው ጭራሮው ቀጭን፣ አስቀድሞ የደረቀና በመሀሉ አየር የሚያሳልፍ ስለሆነ ነው።

ሥራው ያለው ክብሪት ከመጫሩ በፊት ነው። መሬት ላይ የወደቀውን ትቶ ቆሞ የደረቀ ወይም ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ እንጨት መፈለግ ነው። ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ይሆናል፤ ከተጣጠፈ አይሆንም። የእጅ አንጓ የሚያክለውን በክንድ ልክ ቆርጦ መፍለጥ፤ መጥረቢያ ከሌለ ጠንካራ ቢላዋ አናቱ ላይ አሳርፎ ጀርባውን በዱላ መምታት ይበቃል። ላዩ በዝናብ ቢበሰብስም መሀሉ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ከመሀሉ የክብሪት እንጨት የሚያካክል ስንጥር ሁለት እፍኝ ሙሉ፣ እርሳስ የሚያካክል እንደዚያው፣ አውራ ጣት የሚያካክል አንድ እቅፍ ይዘጋጅ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ አምስት ስንጥር አቀጣጥሎ ፍልጥ ይጭንበታል።

ሦስት አራቱን ስንጥር በቢላዋ ስስ አድርጎ መፋቅ ነው፤ ፍቅፋቂው ሳይበጠስ ተጠቅልሎ እዚያው ይንጠልጠል። መጀመሪያ እሳት የሚይዘው ይህ ስስ ጠርዝ ነው። ባሕር ዛፍ ባለበት፣ ከግንዱ ተልጦ የተንጠለጠለው ቅርፊት ዝናብ ካልመታው ጎን ተወስዶ በመዳፍ ቢፈተግ ጥሩ ማቀጣጠያ ይወጣዋል።

እርጥብ መሬት ሙቀት ስለሚጠጣ ከሥር ፍልጥ አጠጋግቶ መደርደር፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ወፍራም ግንድ አጋድሞ ስንጥሩን እሱ ላይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። ክብሪት ቶሎ ያልቃል፤ ሦስት አራት የጧፍ ቁራጭ አንድ ላይ ተጠምዝዞ ከሥር ቢገባ ግን ሰም ውኃ ስለማይጠጣ ስንጥሩ እስኪይዝ ይቆያል። ክብሪቱ ከነመጫሪያው በፌስታል ይጠቅለል፤ መጫሪያው ከረጠበ እንጨቱ መድረቁ ምን ይረባል? ላይተር በብርድ ስለሚለግም ቦታው የውስጥ ኪስ ነው።

እፍ የሚባለው ፍም ከታየ በኋላ፣ ከሥር፣ ቀስ ተብሎ ነው። እርጥቡ ፍልጥ በእሳቱ ዙሪያ ቆሞ ይድረቅ እንጂ ላዩ ላይ አይጫን። ከቤት የመጣ ደረቅ ኩበት ለማቀጣጠል ዘገምተኛ ቢሆንም እሳት ለማቆየት እንደሱ ያለ የለም።

ምክራችሁ የዘለለው ነገርም አለ፦ ብርዱ ሲበረታ ፍም በብረት አድርጎ ድንኳን ውስጥ ማስገባት። ፍሙ ባይጨስም የሚያወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ የተኛን ሰው ይገድላል።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከደብረ ብርሃን