ረህማትን ማን ያውቀዋል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የስፖርት ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ተጫዋች ፈረመ፣ ተጫዋች ለቀቀ፣ ጫማውን ሰቀለ ብላችሁ ትጽፉና በቃ፣ ከዛ በኋላ ሰውየው የት ገባ የሚል የለም።

ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ስኳሽ ነው፣ አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስለሚገባ ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ዩቲዩብ ስከፍት እዛው ቀረሁ። ሁለት ሰው በአራት ግድግዳ መሀል ትንሽ የጎማ ኳስ እያጋጩ ይራወጣሉ፣ ሜዳው ርዝመቱ 9.75 ሜትር ብቻ ነው ግን ሳንባ ያስተፋል። የዚህ ጨዋታ ንጉሥ ፓኪስታናዊው ጃሃንጊር ካን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ገና በ17 ዓመቱ አውስትራሊያዊውን ጄፍ ሀንትን ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ከዛ እስከ 1986 ድረስ አልተሸነፈም። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል።

ረህማት ካንን ግን ማን ያውቀዋል? የጃሃንጊር ዘመድ ነው፣ ራሱም ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የጃሃንጊር ታላቅ ወንድም ቶርሳም አውስትራሊያ ውስጥ እየተጫወተ ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ፣ ጃሃንጊርም ስኳሽ ይቅርብኝ ብሎ ነበር። ረህማት ያኔ የራሱን ጨዋታ ትቶ ለንደን ላይ ጃሃንጊርን ማሰልጠን ጀመረ፣ ረጅም ሩጫ፣ ቀጥሎ ስፕሪንት፣ ደግሞ ጂም። ውጤቱን ማየት የፈለገ ጃሃንጊር እ.ኤ.አ. በ1983 ከግብጻዊው ጋማል አዋድ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ይመልከት፣ 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ! ጃሃንጊር የመጀመሪያውን ጌም ተሸንፎ ሌላውን ሁሉ ወሰደው፣ አዋድ እግሩ አለቀበት። ቴክኒክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ተጫውቶ ያለፈ ሰው የት ቦታ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥር ያውቀዋል።

እና እኛ ሰፈር አንድ ወንድማችን አለ፣ በጊዜው ጥሩ የእግር ኳስ አማካይ ነበር አሁን ባጃጅ ይነዳል። አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ህጻናቱ ሲጫወቱ ባጃጁን ያቆምና «አንተ፣ ኳሷ ሳትደርስህ ዞር ብለህ እይ እንጂ!» ይላል፣ ልጆቹ ከማንም በላይ እሱን ነው የሚሰሙት። አንድ ክለብ ሄዶ ታዳጊዎቹን በነጻ ላግዝ ቢል የአሰልጣኝነት ላይሰንስ አለህ ወይ አሉት፣ ለኮርሱ ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ከየት ያምጣ፣ ባጃጇ አንድ ቀን ከቆመች ቤቱ ምን ይበላል። ላይሰንስ አያስፈልግም አላልኩም፣ ያስፈልጋል። ግን እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስፖርት አካዳሚ እያለ ተጫውተው ላቆሙ ልጆች የማታ አጭር ኮርስ ቢሰጥ ምን ይከብዳል? የጣና ሞገዶቹ፣ የከተማችን የባህር ዳር ክለብ፣ ደጋፊዎችም እኮ ነገ የሚጨፍሩላቸው ልጆች ዛሬ እዛ ሜዳ ላይ ናቸው።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፣ በሳምንት አንዴ አንዷን ዓምድ ለእንዲህ አይነት ሰው ስጡ። የመጀመሪያውን ሰው እኔ አገናኛችኋለሁ፣ ብቻ ጠዋት አትምጡ፣ ስራ ላይ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር