የቅርስ ክበብ፦ ዓመቱን በማዕዘን ሱቅ

የቅርስ ክበባችን ዘንድሮ የግንብ ቤተ መንግሥት አልመረጠም። ልጆቻችን ያደጉት እዚሁ አየርላንድ ስለሆነ ግንብ ሰልችቷቸዋል። የመረጥነው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ የማዕዘን ሱቅ ነው። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሥራ።

«ቲቸር፣ ይሄ ደግሞ ምኑ ነው ቅርስ?» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ቤት ነው።

መጀመሪያ በሩን አየን። የሕንፃው ጥግ ሰያፍ ተቆርጦ በሩ እዚያው ላይ ተገጥሟል። በየትኛውም መንገድ ብትመጣ ያይሃል። ባለሱቁ ንግድ ያውቅ ነበር! ቀጥሎ መስኮቱ። በመስታወት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1845 እ.ኤ.አ. ከተነሣ በኋላ ሰፋፊ መስታወት እየረከሰ መጣና የመንደር ነጋዴም ዕቃውን ለመንገደኛ ማሳየት ቻለ። ግራና ቀኙን የእንጨት ዐምዶች ይዘውታል፣ ከላይ የባለቤቱ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። ሻይና ስኳር ለሚሸጥ ቤት የግሪክ ቤተ መቅደስ ዓይነት ዐምድ! ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ኩራቱን ወደድኩለት።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ መጠጥ ቤትም ነበሩ። ዲንግል ከተማ ያለው «ፎክሲ ጆንስ» ዛሬም በአንድ በኩል ሚስማርና መዶሻ፣ በሌላው ቢራ ይሸጣል። ለዚህኛው መረጃ የተማሪዎቹ ትኩረት ልዩ ነበር።

ብዙ ያከራከረን እድሳት ነው። የድሮው ግድግዳ ድንጋይ ሆኖ የተለሰነው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱት የእንጨት መስኮቶችም በፕላስቲክ እየተተኩ ነው። ባለቤቶቹን አልወቅስም፤ ክረምቱን እናውቀዋለን። ግን ያሳዝናል።

አገሪቱ በ1990 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ብሔራዊ የኪነ ሕንፃ ቅርስ ዝርዝር አለ። ለሕንፃዎች ዓለም አቀፍ፣ አገር አቀፍ፣ ክልላዊ ወይም አካባቢያዊ ደረጃ ይሰጣል። ክልላዊና ከዚያ በላይ የሆኑት የአካባቢው ምክር ቤት በሕግ እንዲጠብቃቸው ሐሳብ ይቀርብላቸዋል። ልጆቹ በዚሁ መንገድ በአማርኛ ቅጽ አዘጋጅተው ሱቃችንን መዘገቡ። ደረጃው ላይ ግን አልተስማሙም። ግማሾቹ «አካባቢያዊ ይበቃዋል» አሉ። የእኔ ድምፅ ለክልላዊ ነው፤ የሱቁ ፊት ከነእንጨቱ እስከ ዛሬ መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በመጪው ዓመት ሊስቶዌል ለመሄድ አስበናል። ፓት ማክኦሊፍ (1846–1921) የተባለ የልስን ባለሙያ የሱቆችን ፊት በቅርጻ ቅርጽና በጽሑፍ ያንቆጠቆጠባት ከተማ ናት። ወላጆች፣ የፈቃድ ወረቀቱን በጊዜ ፈርማችሁ ላኩልን።