ሀዘንተኛን "አታልቅሺ" አትበሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ጣና ዳር አሳ ጠብሼ የምሸጥ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፣ ይሄንንም በስልኬ ነው የምጽፈው፣ ግን ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ለቅሶ ቤት ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። የ19 ዓመት ልጇን የቀበረች ጎረቤቴ ድንኳን ውስጥ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ አንድ የተከበሩ ትልቅ ሰው ተነስተው "ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም፣ ይሄ እኮ በእግዚአብሔር ላይ ማጉረምረም ነው፣ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትሁኚ" አሏት። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችው። ድምጿ ጠፋ፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ያጽናኑ መስሏቸው ነው፣ ድሮ እኔም ለቅሶ ቤት ሄጄ እንደዛው ስል ኖሬያለሁ። በራሴ እስኪደርስ።

ባለቤቴ የዘጌ ልጅ ነበር። አባቱ በደንገል ታንኳ ነበር አሳ የሚያሰግሩት፣ እሱ ደግሞ በሞተር ጀልባ። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሥራው እየከበደ ሄደ፣ በፎገራና በደንቢያ በኩል ሲሄድ መረቡ በአረም እየተተበተበ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ አረም ጎትቶ የሚመለስበት ቀን ነበር፣ ግን ሳቂታ ሰው ነበርና ቤት ሲገባ ድካሙን አውልቆ ነበር የሚገባው። ከዚያ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ውሃ ላይ ማደሩ ነው ብለን ቆየን፣ ሐኪም ጋ ሲሄድ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል ተባልን። በሳምንት ሁለቴ እጥበት፣ በእያንዳንዱ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ። ጀልባውን ሸጥን፣ ሞተሩን ሸጥን፣ ወርቄን ሸጥኩ፣ እድሩም ዘመዱም አዋጣ፣ ይሄን በሽታ ያየ ቤት ሁሉ ያውቀዋል ብዙ አላወራም።

በዚህ መሀል አንድ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ "እምነቱ ካለህ ማሽኑን ተውና ጸበል ግባ" አለው። ባለቤቴ የጨነቀው ሰው ነበር፣ ገንዘባችን ማለቁም ያሳቅቀው ነበር፣ ሁለት ቀጠሮ ዘለለ። ፊቱ አብጦ ዓይኑ አልገለጥ አለ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ሌሊት በባጃጅ ደረቱን ደግፌ ወሰድኩት። የንስሐ አባታችን ይሄን ሲሰሙ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው መጡና "ልጄ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የአንድ ጌታ ነው፣ ማን ነው አንዱን በአንዱ ላይ ያስነሳው?" ብለው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነበቡልን፣ ሐኪምን አክብር እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው የሚለውን። የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ጸበል ቦታ ሄደው መድኃኒቱን ሲያቆሙ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱንም አንድ ላይ ውሰዱ ብለው እንዳስተማሩም ነገሩን። ከዛ ቀን በኋላ ባለቤቴ ጠዋት ጸበሉን ቀምሶ ወደ እጥበቱ ይሄድ ነበር። ቀምሶ ያልኩት ሐኪሙ ውሃ አብዝተህ አትጠጣ ስላለው ነው፣ ጸበሉን በቡና ሲኒ እየለካሁ ነበር የምሰጠው፣ እሱም ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጠጣው። ይሄን የምጽፈው ዛሬም አንድ ቤት ውስጥ መድኃኒት ተው የተባለ በሽተኛ ይኖራል ብዬ ነው፣ እባካችሁ አትተዉ።

አንድ ዓመት ከአራት ወር ታገለ። ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ለት አረፈ።

ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበው ነው የተቀመጥነው። ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ነው ያለው፣ መንገድ ተዘግቶ ሳይደርስ ቀረ፣ በዚህ ክልል ያለፉት ዓመታት ያመጡብንን ሁሉም በየቤቱ ያውቀዋል፣ ወንድሙን ሳይቀብር የቀረ እሱ ብቻ አይደለም። በስልክ ነው ያለቀሰው፣ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ሁለታችንም አንዲት ቃል ሳንናገር ካርዱ አለቀ። ከለቅሶው ሁሉ ያ ስልክ ነው ያሳረፈኝ። ሌላው ብዙ ተናገረኝ፣ አታልቅሺ ነፍሱን ታስጨንቂያታለሽ ያለኝ አለ፣ እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚወስደው ያለኝ አለ፣ አንዷ ደግሞ ጠጋ ብላ በጆሮዬ "ምን በድላችሁት ይሆን?" አለችኝ። ያቺ ቃል ወራት አብራኝ ተኝታ ተነስታለች። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁት ጌታችን እሱም አልሠራ ወላጆቹም ብሎ እንደመለሰላቸው ያኔ ትዝ ቢለኝ ኖሮ ምን ያህል ሸክም በቀለለልኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን አንዲት የሰፈራችን እማሆይ መጥተው ከጎኔ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። አይዞሽም አላሉኝ፣ በቃሽም አላሉኝ። ብዙ ቆይተው "የሱን ዳዊት አምጪልኝ" አሉ። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ ዘጌ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል፣ ዳዊቱን ከጀልባው አይለየውም ነበር፣ እኔ ግን ገልጬው አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ 12 ሰዓት ላይ እየመጡ እስከ አርባው አነበቡልኝ፣ እንደ ደንቡ ሰኞ ከ1 እስከ 30 እያሉ ሳይሆን እኔ የምችለውን ያህል፣ አንድ ወይ ሁለት፣ በግዕዙ ካነበቡ በኋላ በአማርኛ እየመለሱልኝ።

አንድ ማታ "እማሆይ፣ እግዚአብሔር ረስቶኛል ብል ኃጢአት ነው?" አልኳቸው። ፈርቼ ነው የጠየቅኳቸው። እሳቸው መልስ ሳይሰጡኝ ገጹን ወደ ኋላ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና "እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ ለግሙራ" ብለው አነበቡ፣ መዝሙር 12 ነው፣ አቤቱ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ ማለት ነው። ቀና ብለው አዩኝና "ዳዊትም ብሎታል ልጄ፣ ቤተክርስቲያንም በየሳምንቱ ትለዋለች" አሉኝ። ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቤ ጮኼ አለቀስኩ፣ እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ፣ ልጆቼም ከጓዳ ወጥተው ታቀፉኝ፣ እነሱም ለካ እኔን ፈርተው ነበር አፍነው የቆዩት።

ሌላ ቀን ደግሞ መዝሙር 87 ላይ ስንደርስ እማሆይ ዝም አሉ። ምንድነው ብዬ ሳይ ገጹ መሀል አንዲት የአሳ ቅርፊት ደርቃ ተጣብቃለች፣ የገጹም ጥግ ከሌላው ሁሉ በላይ በአውራ ጣት ጠቁሯል። ያ መዝሙር ዳዊቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የጨለመው ነው፣ ሌሎቹ የሀዘን መዝሙሮች አብዛኞቹ በሀዘን ጀምረው በተስፋ ወይ በምስጋና ይጨርሳሉ፣ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው። ባለቤቴ ውሃ ላይ ብቻውን ሲሆን እሱን ነበር ለካ ደጋግሞ የሚያነበው፣ ቤት ሲገባ የሚስቀው ሰውዬ። ምን አስጨንቆት እንደነበረ አሁን የምጠይቀው የለም። ግን እዛ ሌሊት ውሃ ላይ ብቻውን እንዳልነበረ አወቅሁ፣ የሚያወራው ነበረው። እኔም ያንኑ ገጽ ይዤ ያንኑ አምላክ ነው የማናግረው። ቅርፊቷን አላነሳኋትም፣ እዛው ናት።

ከዚያ በኋላ መጽሐፈ ኢዮብንም ራሴ አነበብኩት፣ እኛ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔርም ነሳ የምትለዋን ብቻ ይዘን ነው የምንሮጠው። ኢዮብ እኮ ከዛ በኋላ የተወለደባትን ቀን ረግሟል፣ ከእግዚአብሔር ጋር ተሟግቷል። ጓደኞቹ መጀመሪያ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ያኔ ጥሩ ለቀስተኞች ነበሩ፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ያቆሰሉት። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው ደግሞ በኢዮብ ሳይሆን እሱን ሲያስተምሩ በዋሉት ነው። ጌታችን ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሳው መሆኑን እያወቀ አልቅሷል። ሐዋርያው ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው ያለው፣ አትዘኑ ብሎ አላቆመም። እኛ ግማሹን ቆርጠን ሀዘንተኛ ላይ እንወረውራለን። በስቅለት ሥዕሎቻችን ላይ እመቤታችን ከመስቀሉ ስር እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆማ የለ እንዴ፣ እሷን ማን አታልቅሺ ብሏታል?

የባለቤቴ አርባ ነሐሴ 14 ዋለ፣ ፍልሰታ ውስጥ። የእድሩ ሴቶች በሽሮውም በክኩም ተራ ይዘው አንድ እንጨት እንኳን እንዳላነሳ አደረጉኝ፣ በማግስቱ ማግስት ነሐሴ 16 ጊዮርጊስ ሄጄ ከልጆቼ ጋር ቆረብን። ሀዘኑ አልለቀቀኝም፣ ዛሬም አሳ ስገለብጥ ድንገት ይመጣብኛል፣ የጀልባ ሞተር ስሰማ ቀና እላለሁ። ግን መሬት ረገጥኩ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግስ ፈርቼው የነበረውን ውሃ ተሳፍሬ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ፣ ጀልባው ውስጥ ሴቶቹ ሲዘምሩ እኔ ዳዊቱን ጉያዬ ይዤ ውሃውን ሳይ ነበር፣ ዘጌ ስንደርስ አማቴ ወደቡ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር፣ ቡናው ጫካ ውስጥ ባለው መንገድ ተደጋግፈን እያለቀስን ወጣን፣ ከፊታችንም ከኋላችንም ሰው ነበረ፣ ማንም ዝም በሉ አላለንም።

እና የምለምናችሁ፣ በተለይ ለቅሶ ቤት ቆማችሁ የምታስተምሩ አባቶችና ወንድሞች፣ ትምህርቱ ይቅር አላልኩም፣ ትንሣኤ ሙታንን መስማት እንፈልጋለን፣ ያ ቃል ባይኖር እኔ ዛሬ ቆሜ አልጽፍም ነበር። ግን አሳጥሩልን፣ ሀዘንተኛዋን በሰው ፊት አትገሥጿት፣ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ቆዩ። ዳዊት የሚያነብ ካለ ያንብብላት፣ የጨለመውንም ሳይዘል። ከሰባት ቀን በኋላ ድንኳኑ ሲፈርስ ነው ቤቱ የሚከብደው፣ ያኔም ብቅ በሉ።

የጎረቤቴ ድንኳን ትናንት ፈረሰ። ዛሬ አሳዬን ቶሎ ዘግቼ 12 ሰዓት ላይ ልሄድላት ነው። ግዕዙን እንደ እማሆይ አልችለውም፣ በአማርኛው አነብላታለሁ፣ እሷ እስክታለቅስ ድረስም የትም አልሄድም።

ከባህር ዳር፣ ጣና ዳር
አንዲት አንባቢያችሁ