ለደንበኞቻችን፦ ስለ አዲሱ ወፍራም የርእስ ፎንታችን የተሰጠ ማብራሪያ

ውድ ደንበኞቻችን፤

ለርእስ፣ ለታፔላና ለንግድ ምልክት የሚሆነውን አዲሱን ወፍራም ፎንታችንን ለሽያጭ ካቀረብን ወዲህ ብዙዎቻችሁ «ቦልድ የሚለውን ተጭኖ ማንኛውንም ፊደል ማወፈር እየተቻለ ሌላ ፎንት መግዛት ለምን ያስፈልጋል?» ስትሉ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ በዚህ ደብዳቤ ልንመልስ ወደድን።

አንድ ፎንት የራሱ ወፍራም ቅርጽ ያልተሣለለት እንደሆነ፣ ቦልድ ሲጫኑ ፕሮግራሙ የሚያደርገው የፊደሉን ጠርዝ በየአቅጣጫው መንፋት ብቻ ነው። በእኛ ፊደል ደግሞ ድምፅን ከድምፅ የምትለየው ትንሿ ቅጥያ ናት። ቡ እና ቢ የሚለያዩት ቅጥያዋ ከቀኝ እግሩ ወገብ ወይም ከግርጌው ላይ በመሆኗ ነው፤ ቤ የሚታወቀው ደግሞ ከእግሩ ሥር ባለችው ቀለበት ነው። ጠርዙ በጭፍን ሲነፋ ቀለበቷ ትደፈናለች፣ የሐ እና የጠ ሦስት እግሮች ይጣበቃሉ፤ ከመንገድ ማዶ የቆመ ሰውም «ቡና ቤት» የሚለውን ታፔላ የሚረዳው በግምት ይሆናል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሆሄ ለየብቻ ሥለናል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በየሰባት ሆሄያቸው 231 ስለሚሆኑ፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይታከሉ እንኳ ሥራው ብዙ ትዕግሥት የጠየቀ ነበር። እግሮቹን ስናወፍር የካዕብና የሣልስ ቅጥያዎች ከእግሩ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ሰርስረን ብርሃን እንዲያልፍበት አድርገናል፤ የኃምስን ቀለበት ግን ከተለመደው አስፍተናል።

መልኩን የወሰድነው በአዲስ አበባ በብሩሽ ይጻፉ ከነበሩት የድሮ ታፔላዎች ነው፤ የእግሮቹ ጫፍ ክብ የሆነውም ለዚህ ነው። በብራና መጻሕፍታችን አርእስትና የቅዱሳን ስሞች የሚለዩት በቀይ ቀለም እንጂ በውፍረት አልነበረም። እጅግ የወፈረ የማስታወቂያ ፊደል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የተስፋፋ የህትመት ልማድ ነው። ያን ውፍረት በአገራችን ፊደል ላይ እንዴት ማሳደር እንደሚቻል ያሳዩን እነዚያ የታፔላ ጸሐፊዎች ናቸው ብለን እናምናለን፤ ውለታቸውም በዚህ ሥራ እንዲታይ ፈልገናል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ፎንቱን ከ36 ነጥብ (ፖይንት፣ የፊደል መጠን መለኪያ) በታች እንዳትጠቀሙበት አጥብቀን እንመክራለን፤ ለዝርዝር ጽሑፍ ቀጠን ያለ ሌላ ፎንት አጣምሩበት። ስሙ ከሰሌዳው ስፋት ሲያልፍ ፊደሉን ከጎንና ከጎን መጭመቅ እግሮቹን ስለሚያቀጥን፣ መጠኑን መቀነስ ወይም ስሙን በሁለት መስመር መጻፍ ይሻላል። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ለሚጻፍባቸው ታፔላዎች፣ የላቲኑ ትልልቅ ፊደላት ከአማርኛው ቁመት ጋር እንዲስተካከሉ አድርገናል። ፎንቱ የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. የገባበትን ዩኒኮድ የተባለውን፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሥርዓት ስለሚከተል፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፋችሁን እንደገና መተየብ አያስፈልጋችሁም።

ከመግዛታችሁ በፊት የድርጅታችሁን ስም ብትልኩልን፣ በዚሁ ፎንት ጽፈን፣ በታፔላና በማሸጊያ መጠን አዘጋጅተን ያለ ክፍያ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የፎንት ዝግጅት ክፍል