የካሜራውን ኪራይ ማን ይችለዋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጎጃሞቹ የአብነት ትምህርት ቦታዎች ዋሸራ ወይም ዲማ ሲቀረጹ ካሜራው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ደህና ካሜራ ያላቸው የሠርግ ቪዲዮ ቤቶች ናቸው፤ በሠርግ ወቅት ደግሞ ኪራዩ አይቀመስም። ልጆቻችን በስልክ ይቀርጻሉ። ምስሉስ ደህና ነው። ድምፁን ግን ንፋሱ ይውጠዋል፤ የሽማግሌው ቀረርቶ ቀርቶ ሽውታ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዲት የደረት ማይክ በቂ ነበረች።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለማኅበረሰብ ብሮድካስት፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ራሱ ለሚያስተዳድረው ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በር ከፍቷል። ጥሩ ነው፤ በአዋጅ ግን አይቀረጽም። በወጣት ማዕከሉ ከፑል ጠረጴዛው ጎን አንድ ክፍል ይሰጠን። ካሜራ፣ ማይክና ማቀናበሪያ ኮምፒውተር ይግባበት፤ ዕቃውም በመታወቂያ ይዋስ። ለሴት ልጆች የራሳቸው ቀን ይኑር። አለዚያ ወንዶቹ ወረፋውን ይዘው ነው የሚያመሹት።

አንድ ወላጅ፣ ከደብረ ማርቆስ