ፔዳሉን የምትረግጥልኝ አንቺ ነሽ

ሰብልዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ስጽፍልሽ እጄን ያዝ ያደርገኛል። አባባ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። መጀመሪያ ታምሜ ነበር፣ ኋላ ደግሞ አፈርኩ። ኀፍረቱ እያደር ባሰብኝ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።

የሮቦት ክንድ እየሠራሁ ነው። ሞተሮቹን ከክንዱ አውርጄ ከሥር አስቀመጥኳቸው፤ ክንዱ ከቀለለ ሰው ላይ ቢያርፍም ብዙ አይጎዳም። ጉልበቱን ጣቶቹ ጋ ለማድረስ መጀመሪያ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ዘረጋሁ። ስምንት ወር በላብኝ! ሽቦ በሸፋኑ ውስጥ ሲሄድ ጉልበት የሚያጣው ከርዝመቱ ይልቅ በመታጠፉ ነው። ከትከሻ እስከ አንጓ ያለው መታጠፍ ተደምሮ አንድ ሙሉ ዙር ከሞላ፣ ሽቦውና ሸፋኑ ሲፋተጉ ያለውን የሰበቃ መጠን (ኮፊሸንት) 0.1 ብቻ ነው ብትይ እንኳ፣ ጫፉ ላይ 10 ኪሎ ለማግኘት 19 ኪሎ ገደማ መሳብ አለብሽ። ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ መታጠፉ ይለዋወጣል።

ስለዚህ ወደ ውሃ ዞርኩ፤ ጉልበቱን በሽቦ ፈንታ ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ እንዲያደርስልኝ። ተራ ፒስተን አልሆነኝም፤ የላስቲክ ቀለበቱ ይይዝና ድንገት ይለቃል፣ ጣቱም ይዘላል። በጨርቅ የተጠናከረ ስስ የላስቲክ ሽፋን ግን አለ። ካልሲ ሲገለበጥ እንደሚሆነው እየተጠቀለለ ይሄዳል እንጂ ግድግዳውን አይፍቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የዲዝኒ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ፣ በውሃና በአየር የሚሠራ ሮቦት አሳይተዋል። ሰው ከሌላ ቦታ ሆኖ እየመራው መርፌ ውስጥ ክር አሾለከ።

ማክሰኞ ማታ የእኔም ሠራ። ወዲህኛውን ጫፍ ስገፋ፣ ወዲያኛው ጣት የጨበጠው ቲማቲም ልስላሴ እጄ ላይ ተሰማኝ። በውሃ ውስጥ አልፎ! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ረቡዕ ግን ጣቱ መዘግየት ጀመረ። ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። ውሃው በቀላሉ አይጨመቅም፣ አረፋዋ ግን ትጨመቃለች፤ ጉልበቴ እሷ ላይ ያልቃል። የአባባ አሮጌ መኪና ፍሬን ትዝ አለኝ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ የሚገባው። አንቺ ትረግጫለሽ፣ እኔ ከሥር ተኝቼ አየሩ እንዲወጣ ቡሎኗን እከፍታለሁ። «ያዢ!» ስልሽ ሁሌ ቀድመሽ ትለቂው ነበር፣ አየሩም ተመልሶ ይገባል። አባባ የሚቆጡት ግን እኔን! አንድ ቀን እንኳ አላመንሽም።

ብቻዬን ሞከርኩ፤ ሁለት እጅ አይበቃም። እንጃ፣ ለዚህ ብዬ መጻፌ ደስ ላይልሽ ይችላል። ከፈቀድሽ ቅዳሜ መጀመሪያ እናትሽ ጋ ልምጣ። ከሳቸው ጋ ልቀመጥ። እሑድ ደግሞ አንቺ እኔ ጋ ነይ። አየሩ እንዲወጣለት ውሃውን ቀድሜ አፈላዋለሁ። ብቻ አሁንስ «ያዢ» ስልሽ ያዢ።

የአንቺው፣
ማርታ