ድርሰት በምርጫ ጥያቄ አይፈተንም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በደሴ ከተማ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የማስተምር መምህር ነኝ። ስለ ተማሪዎቻችን የእንግሊዝኛ ድክመት የሚባለው ሁሉ ሐሰት ባይሆንም፣ በእኔ ክፍል ከሰዋስው ስሕተት ይልቅ ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ ተማሪው የሚናገረው ቁም ነገር እያለው የቱን አስቀድሞ የቱን እንደሚያስከትል አያውቅም።

ባለፈው ሴሚስተር ስለ አካባቢ ብክለት እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። ከኮምቦልቻ አካባቢ የመጣች አንዲት ተማሪ ያስረከበችኝ ድርሰት “አካባቢ ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ነው” ብሎ ይጀምርና ስለ ዓለም ሙቀት፣ ስለ ደን ጭፍጨፋ፣ ስለ መንግሥት ኃላፊነት ሲዞር ቆይቶ፣ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ እናቷ ድሮ ልብስ ያጥቡበት ወደነበረው ቦርከና ወንዝ ዛሬ ከብት እንኳ እንደማይነዱ በአንድ መስመር ተናግሮ ያበቃል። ያችን መስመር አሰመርኩባትና “ከዚህ ጀምሪ” ብዬ መለስኩላት። በሁለተኛው ረቂቅ እናቷ ከፊት መጡ፤ የደሴ ፍሳሽና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዝቃጭ ወንዙን ምን እንዳደረገው በየአንቀጹ ተከተለ። እንግሊዝኛዋ አሁንም ይሰናከላል፤ ነገሯ ግን መንገድ ይዟል።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዋናውን ግሥ፣ እስከ ጫፍ ስለሚያቆይ ይሆን፣ ተማሪዎቼ ዋናውን ሐሳብ ለመጨረሻ ማስቀመጥን እንደ ጨዋነት ያዩታል። ይሁንና ሥርዓት ያለው ንግግር ለወሎ ልጅ እንግዳ አይደለም። መንዙማ ሲባል አውጪው አዝማቹን አስቀድሞ ያሲዛል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢርቅ ወደ አዝማቹ ይመለሳል። የአንቀጽን ኃይለ ቃል፣ ማለትም ዋና ሐሳቡን የሚይዘውን ዓረፍተ ነገር፣ በዚህ ሳስረዳ ክፍሉ ይስቃል፤ ከመጽሐፉ ማብራሪያ ይልቅ ግን ቶሎ ይገባዋል።

ቅሬታዬ በፈተናው ላይ ነው። በማውቀው አንድ ተቋም የጽሑፍ ኮርስ ማጠቃለያ ፈተና “ከሚከተሉት ውስጥ ኃይለ ቃል የሆነው የቱ ነው?” የሚሉ የምርጫ ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በምርጫ የሚሰጥ በመሆኑ፣ አንድ ወጣት ታርሞ የተመለሰለት ድርሰት ሳያይ ሁለቱንም ሊያልፍ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ ይህ ክፍተት ይሞላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ግን አልችልም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ወረቀት 10 ደቂቃ ቢሰጥ አንድ ረቂቅ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ረቂቅ 20 ሰዓት ነው፤ እኔም ሁለተኛውን ጨርሼ ያላረምኩበት ሴሚስተር አለ።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ በትሕትና እጠይቃለሁ። የጽሑፍ ኮርስ ውጤት ቢያንስ ግማሹ ታርመው ከተመለሱና እንደገና ከተጻፉ ረቂቆች ይምጣ፣ ለዚህም የሚያርመው መምህር ሰዓት ከማስተማር ሰዓቱ ጋር ይቆጠርለት። ተማሪውም ከፈለገ ቢጋሩን፣ ማለትም የድርሰቱን የሐሳብ ቅደም ተከተል፣ በአማርኛ እንዲያወጣ ይፈቀድለት፤ ቦርከናን በአማርኛ ያሰበችውን ልጅ “በእንግሊዝኛ አስቢ” ማለት ምን እንደሚጠቅም አይታየኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ